ጋሼ ደምሴ በልምምድ የሞቱ ቀን

ሰው ሁለቴ አይሞትም ይባላል። ጋሼ ደምሴ ግን አንዴ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሞተዋል፤ የገደልኳቸውም እኔ ነኝ። አትደንግጡ፣ ሰውየው ዛሬም በደህና አሉ፤ ይህን እየጻፍኩ መሆኑን ሲሰሙ «ሞቴን አሳምረሽ ጻፊው» ብለውኛል። እኔም ያችን ቅዳሜ ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ እንደ አዲስ ስለሚመታ፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ላጫውታችሁ።

ጊዜው በስልክ የሚጠሩ መኪኖች የኛን ሰው የታክሲ ገበያ መንጠቅ በጀመሩበት ሰሞን ነው። እኔ በዲቪ ሎስ አንጀለስ መጥቼ፣ ሆሊውድ ውስጥ ፓርኪንግ ላይ ቲኬት ስቆርጥ ከርሜ፣ ማታ ማታ ተምሬ የመጀመሪያዬን የቢሮ ሥራ ያገኘሁበት ጊዜ ነበር። የሚሽከረከር ወንበር ነበረኝ። ሰው በማያይበት ሰዓት እሽከረከርበት ነበር፣ ምን ይደበቃል!

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ ሲነገር ያደክማል፤ ሲገባችሁ ግን ቀላል ነው። አሜሪካ ያ ትልቅ ጥቃት ከደረሰባት ወዲህ የፌዴራሉ መንግሥት ለአገር ውስጥ ደህንነት ብሎ በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡ የሚሰጠው ግን ለአንድ ከተማ ሳይሆን ለአካባቢው በሙሉ ነው። ሎስ አንጀለስ ላላየ ሰው አንድ ከተማ ትመስለዋለች እንጂ፣ በጎኗ የራሳቸው ከንቲባና የራሳቸው እሳት አደጋ ያላቸው ብዙ ትንንሽ ከተሞች አሉ። መንገድ ስትሻገሩ ከተማ ትቀይራላችሁ። እነዚህ ጎረቤታሞች አንድ ጠረጴዛ ከበው ምን እንግዛ፣ የት ይቀመጥ፣ ማን ይጠቀምበት ብለው መስማማት አለባቸው። የኔ ሥራ ስብሰባውን መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና የተኳረፉትን ማስታረቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ከተሞቹ በጋራ የገዙት ድንኳንና አልጋ የተጫነበት አንድ ተጎታች፣ ለሕዝብ የማስጠንቀቂያ መልእክት የሚልክ የስልክ ሲስተም፣ እንዲሁም አዳዲስ መገናኛ ሬዲዮዎች ነበር። ሬዲዮዎቹ ትልቅ ነገር ነበሩ። ቀድሞ የአንዱ ከተማ የእሳት አደጋ መኪና የጎረቤቱን ለማነጋገር ወሬው በየማዕከሉ ዞሮ ነበር የሚደርሰው። አሁን ቁልፍ ተጭኖ በቀጥታ ማውራት ይቻላል ተባለ። የቀረው ሁሉንም ከሕዝብ ጋር በአንድ ልምምድ መሞከርና፣ ከመንግሥት በተላከች ታዛቢ ፊት «ዕቃው የጋራችን ነው» ብሎ መፈረም ነበር። አንድ ከተማ አልፈርምም ካለ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ዕቃው ይመለሳል፤ ደመወዟ ከዚያ ገንዘብ የሚከፈላት መሠረት የምትባል ልጅም፣ ማለት እኔ፣ ወደ ፓርኪንጓ ትመለሳለች።

አልፈርምም የሚል ሰው ደግሞ ነበረን። ከኤርፖርቱ ማዶ ያለችውን የባሕር ጠረፍ ትንሽ ከተማ የሚወክል፣ ጡረታ የደረሰ የእሳት አደጋ አለቃ ነው። ቦብ ዶነሊ ይባላል።

«የጋራ ዕቃ የማንም ዕቃ አይደለም» ይላል በየስብሰባው። «መሬት የተንቀጠቀጠ ዕለት ሁሉም ለራሱ ይሮጣል። ድርሻችንን ስጡንና የራሳችንን እንግዛ።»

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ይባስ ብሎ፣ «ለመሆኑ ይሄ ማስጠንቀቂያ ስደተኞች ሰፈር ይሠራል? ማንም አይመጣም» አለ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ አፌ ይቀድመኛል። «እኛ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ እንሞክረዋ! መቶ ሰው አመጣለሁ!» አልኩ። አለቃዬ ሊንዳ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ፤ ግን ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም።

ቅዳሜ ማለዳ ከምኖርበት ከሃውቶርን ስነዳ ልቤ ከመኪናዋ ቀድሞ ነበር የሚሮጠው። ፌርፋክስ ላይ ከምግብ ቤቶቻችን ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ ለኛ ተለቆ፣ ድንኳኖቹ ተተክለዋል። የልምምዱ ታሪክ «መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ሰው ተጎዳ፣ ሰው ሞተ» የሚል ነው። ቀድመው ከደረሱት አንዱ ጋሼ ደምሴ ነበሩ፤ ኤርፖርት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ፣ በሰፈሩ የማይታወቁበት በር የሌለ ሰው ናቸው።

«ሶ፣ እኔ ምን ልሁን?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሞተ ሰው ይሁኑልኝ።»

«መናገር አለው?»

«የለውም።»

«መንቀሳቀስስ?»

«በጭራሽ! ከተንቀሳቀሱ ነጥብ ይቀነስብናል።»

«በይ እሱ ለኔ ነው። ታክሲ ድራይቭ ሳደርግ ያጣሁት ስንት እንቅልፍ አለ መሰለሽ!»

ግንባራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። በደንቡ መሠረት ስልካቸው በላስቲክ ከረጢት ገብቶ ከሬሳው ጎን ተቀመጠ። አንሶላውን አልብሰናቸው ገና ሳንጨርስ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው ተላከ። ለተመዘገበው ሁሉ ስልክ ተደወለ። የኛን ሰው ታውቁት የለ? የማያውቀው ቁጥር ሲደውል አያነሳም፤ ወይ ባንክ ነው ወይ ሻጭ ነው ይላል። ጠበቅን። ደግሞ ጠበቅን። የመጣው ሰው አንድ ሚኒባስ አይሞላም ነበር። ታዛቢዋ ዝም ብላ ትጽፋለች። ሊንዳ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቦብ ዶነሊ እጁን አጣምሮ ወደኔ መጣና፣ ክፋት በሌለው ድምፅ «መቶው ሰው የታለ?» አለኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። መሬት ግን ያን ቀን የምትንቀጠቀጠው በልምምድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ያኔ አላየሁም፤ በኋላ ነው የሰማሁት። የእሳት አደጋ ሰዎች ጋሼ ደምሴን በቃሬዛ አድርገው፣ በእግረኛው መንገድ አሳልፈው ወደ ሟቾች ድንኳን ሲወስዷቸው፣ እትዬ ዘውዴ የቅመም ሱቃቸውን በር እየከፈቱ ነበር። ከአንሶላው ሥር የወጣውን ጫማ አዩ። ያን ቡናማ ጫማ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

«ውይ! ውይ ደምሴ ወንድሜን!»

ወደ ጋሼ ደምሴ ስልክ ደወሉ። ከከረጢቱ ውስጥ ጮኸ፤ የሚያነሳው የለም። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈለጋል? ለእድሩ ዳኛ ደወሉ፤ ዳኛው ለጸሐፊው፣ ጸሐፊው ለኤርፖርት ባለታክሲዎች፣ እነሱ ለሚስቶቻቸው። በዚህ ሁሉ መሐል ሁሉም ለሁሉም አንድ ነገር ያስጠነቅቃል፦ «አደራ፣ አስካለ እንዳትሰማ!» እትዬ አስካለ የጋሼ ደምሴ ባለቤት ናቸው። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ወግ አለው፣ ሽማግሌ አለው። ስለዚህ «ኧረ ሰውዬው ለልምምድ ነው የሄደ» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ሊያበርደው የሚችለው ብቸኛ ሰው፣ እትዬ አስካለ፣ ከሎስ አንጀለስ ሐበሻ ሁሉ ያልተደወለላቸው እሳቸው ብቻ ሆኑ።

እኔ ይህን ሳላውቅ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ሳለ፣ ከመንገዱ ራስ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ቀና ስል ታክሲዎች ይግተለተላሉ። ፓርክ ማድረጊያ ሲያጡ መሐል መንገድ ላይ ትተዋቸው ይወርዳሉ። ሴቶች ድስት ተሸክመዋል። ወንዶች ወንበር በትከሻቸው፣ ውሃ በካርቶን ይዘዋል። ቄሱ መጡ። አሁንም ይመጣሉ። መኪና ማቆሚያው ሞላ፣ የእግረኛው መንገድ ሞላ።

«መሲ!» ብላ ሊንዳ አቀፈችኝ። «አደረግሽው! ከመቶ በላይ ነው! ምግብ ሁሉ ይዘዋል!»

እኔም ለቅጽበት «ማስጠንቀቂያው ደረሰ!» ብዬ በደስታ ዘለልኩ። ታዛቢዋ መጻፍ ትታ በአድናቆት ታያለች። ቦብ ዶነሊ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ያካል። ከዚያ ግን ነጠላዎቹን አየሁ፤ ሁሉም ተዘቅዝቀዋል። ደረቷን እየደቃች የምትመጣ አንዲት ሴት ይዤ፣

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«አልሰማሽም እንዴ? ደምሴ! ባለታክሲው! መኪና ገጭቶት!»

ከኋላዋ ያለችው «ኧረ ልቡ ነው አሉ» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ሕንፃ ወድቆባቸዋል ብላ ታለቅሳለች። እኔ የምስቅም የማለቅስም እየመሰለኝ ወደ ታዛቢዋ ሄድኩ።

«እነዚህ ሰዎች ለልምምዱ አልመጡም። ለለቅሶ ነው የመጡት» አልኳት።

«የማን ለቅሶ?» አለ ቦብ ዶነሊ።

«በድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰውዬ። የሞቱ መስሏቸው ነው።»

ሊንዳ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ድምፅ ማጉያውን ነጥቄ ወንበር ላይ ወጣሁና «ወገኖቼ! ጋሼ ደምሴ አልሞቱም! ልምምድ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የሚሰማኝ አጣሁ። «ልጅቷ ደንግጣ ነው» አሉ። «ሬሳውን ሊከለክሉን ነው» ያሉም ነበሩ። የእድሩ ዳኛ ወደ ድንኳኑ ተጠግተው፣ እጃቸውን አንሥተው ሕዝቡን ዝም አሰኙና በከባድ ድምፅ፣

«እንግዲህ እንረጋጋ። አስካለን ሊያመጧት ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ሥራ ቦታዋ ዌስትቼስተር ሄደዋል» አሉ።

ይህን ቃል ሲጨርሱ ድንኳኑ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። አንሶላው ወደ ላይ ተወረወረ።

«አስካለን?!» ብለው ጋሼ ደምሴ ግንባራቸው ቀይ እንደተቀባ ከድንኳኑ ወጡ። «ማን ፈቀደላችሁ! አስካለን!»

የዚያን ጊዜውን ጩኸት በምን ቃል ልንገራችሁ! ሴቶች ድስት ጥለው ሮጡ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። የእድሩ ዳኛ ወንበሩን ስተው መሬት ተቀመጡ። ጋሼ ደምሴ ግን ለማንም ግድ አልነበራቸውም፤ እጄን ጨምድደው ያዙኝ።

«መሠረት፣ አስካለ ደም ግፊት አለባት። ከሆስፒታል ከወጣች ገና ነው። ሽማግሌ ካየች እዚያው ነው የምትወድቀው!»

እትዬ አስካለ ዌስትቼስተር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት። ስልካቸው በሥራ ሰዓት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የመጦሪያው መስመር ተይዟል። ለሽማግሌዎቹ ስንደውል ስልካቸው ዝግ ነው፤ መርዶ የሚያረዳ ሰው ስልኩን ይዘጋላ! ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች በሥራ ሰዓት በር ላይ ሲቆሙ ደግሞ፣ «ትንሽ አሞት ነው» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ለጋሼ ደምሴ የሟችነቱን ድርሻ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስለ ሥራዬም ስለ ፊርማውም ማሰብ አቆምኩ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የቦብ ከተማ የእሳት አደጋ መኪና ለልምምዱ ተብሎ እዚያው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዌስትቼስተር ዳር ቆሟል።

«ቦብ! መኪናህ!» ብዬ ጮኽኩና በሩጫ ቃል ነገርኩት።

«ዌስትቼስተር የኛ ክልል አይደለም። በማዕከሉ በኩል ካልተጠየቅን…» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ጋሼ ደምሴን አየ። ወገቡ ላይ ያለውን አዲሱን ሬዲዮ አየ። አንሥቶ ተጫነው።

መልሱ ወዲያው መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ እዚሁ አጠገባችን የቆመ ሰው ይመስል። ቦብ የመጦሪያውን ስም ነገራቸው። በዚያው መስመር ላይ የሎስ አንጀለሱ የእሳት አደጋ መኮንን ገባና «ክልሉ የኛ ነው፤ እናንተ ትቀርባላችሁ፣ ሂዱ!» አለ። የሁለት ከተማ ሰዎች፣ በአንድ መስመር፣ ያለ ማንም አማላጅ! ያን ሁሉ ወር ቃለ ጉባኤ ስጽፍበት የነበረው ነገር ይኸው ነበር።

ሕዝቡ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሬዲዮው ተንጫጫ።

«ደርሰናል። በር ላይ ሱፍ የለበሱ ሁለት ሰዎች አሉ። ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ነው።»

«አስቁሟቸው!» አለ ቦብ።

«አንደኛው እያለቀሰ ነው። ምን እንበለው?»

«ሰውየው አልሞተም በሉት!»

ጋሼ ደምሴ እጄን ከያዙበት አልለቀቁም።

«ሴትየዋ ወጥታለች» አለ ሬዲዮው። «ሽማግሌዎቹን አይታ ግድግዳውን ይዛለች። ባሏ ደህና ነው ብለናታል፤ አላመነችንም። ድምፁን ካልሰማሁ ትላለች።»

ቦብ ዶነሊ ሬዲዮውን ለጋሼ ደምሴ ዘረጋላቸው። ለሲቪል ሰው መስጠት በደንቡ ይፈቀድ አይፈቀድ ማንም አልጠየቀም።

«አስካለ!» አሉ ጋሼ ደምሴ። «አለሁ! አለሁልሽ!»

ከሬዲዮው የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! ጠዋት 'ዛሬ ሞቼ እውላለሁ' ብለኸኝ አልነበረም የወጣኸው? እነዚህን ደግሞ ምን ብለህ ላክህብኝ!»

ፌርፋክስ በእልልታ ተናወጠ። የማያውቁ ፈረንጆች በየመስኮቱ ብቅ አሉ። የእድሩ ዳኛ ከመሬት ተነሥተው የሞተውን ሰው አቅፈው ሳሙት፤ ቀዩ ቀለም ነጩ ሸሚዛቸው ላይ ተጋባ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደስታው እንዲያ ነበር የሚያደርገኝ። ሊንዳም አብራኝ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ግን የገባት አይመስለኝም።

የእሳት አደጋ መኪናው እትዬ አስካለንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ጭኖ መጣ። እትዬ አስካለ ወርደው ባላቸውን በሥራ ሽርጣቸው ጫፍ ሁለቴ መቱና ደረታቸው ላይ ተደፉ። ለለቅሶ የመጣው ምግብ ተመልሶ አይሄድም ተብሎ እዚያው በመንግሥት አልጋዎች ላይ ቁጭ ብለን በላነው። ጋሼ ደምሴ «ለኔ የመጣ ነው፣ አታፍሩ» እያሉ የእሳት አደጋ ሰዎቹን ያጎርሳሉ።

ታዛቢዋ በመጨረሻ ጠራችን። የስልክ ማስጠንቀቂያው እዚህ ሰፈር እንዳልሠራ፣ ሬዲዮው ግን እንደሠራ እንደምትጽፍ ነገረችን። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ «ይሄን ሁሉ ሰው ማን ጠራው?» አለችኝ። እድር ምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የሁሉም እንደሆነ፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንደሚገለገልበት ነገርኳት። ቦብ ዶነሊ ከጎኔ ሆኖ ይሰማል። «ዕቃው አይጠፋም?» አለኝ። «አንዳንዴ ማንኪያ ይጠፋል» አልኩት። ሳቀና ብዕሩን ከጠረጴዛው አንሥቶ ፈረመ። ገንዘቡም፣ ዕቃውም፣ የሚሽከረከረው ወንበሬም ተረፉ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ስሄድ ስለ ሲስተም አላወራም። መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው?» ብዬ ነው። ሁሉም ሰፈር አንድ እንደ እትዬ ዘውዴ ያለ ሰው አለው፤ ኮሪያውም፣ ሜክሲኮውም። ከተሞቹ ተስማምተው በቀጣዩ የጋራ ገንዘብ እነዚያን ሰዎች አሠለጠንን። ከዚያች ቅዳሜ በፊት ዝግጅት ማለት ወረቀት ይመስለኝ ነበር። አሁን ዝግጅት ማለት ስትደውል የሚያነሳልህ ሰው ማለት እንደሆነ አውቄያለሁ። እናንተስ፣ አንባቢዎቼ? ጎረቤታችሁን በስም ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፤ እኔ አልቀየማችሁም።

ቦብ ዶነሊ ግን ከፈረመ በኋላ ወዲያው አልሄደም። ድንኳኑ ሲነቀል፣ ሰው ሲበተን፣ ከጋሼ ደምሴ ጎን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ። ሚስቱ ባለፈው ዓመት እንደሞተች የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ከቀብር ስመለስ በሩን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁ» አላቸው። ጋሼ ደምሴ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ቦብ ጫማውን እያየ፣ «እድራችሁ ውስጥ ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን ግድ ነው?» አለ።

«ኖ ኖ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ሲጠሩህ መምጣት ነው።»

ቦብ ዶነሊ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ድስት ለሚሰበስቡት እትዬ ዘውዴ ቁጥሩን ሰጣቸው።